አድራጊ ውሕድ፦ ከኮሶው ውስጥ ትሉን የጣለው ማን ነው?

ኮሶ የተጠጣበት ቤት እንግዳ አይገባም። እምዬ የምንላት አያቴ ዘንድ ሳድግ ይህ የታወቀ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ እራት ይቀላል፤ በጨርቅ ተቋጥሮ ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የኮሶ አበባ ይወርዳል፤ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ እምዬ ዋንጫዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ትጨልጠዋለች። ቀይ ቡናማ ድፍርስ ነው፤ አይጠለልም፤ አበባው እንዳለ ነው የሚዋጠው። ከዚያ ሎሚ ትመጥጣለች፣ ጋቢዋን ትከናነባለች፣ ትቀመጣለች። ምራቋን አትተፋም፤ ከተፋች መድኃኒቱ አብሮ ይመጣላ!

የእኔ ሥራ በር ላይ መቆም ነበር። የመጣውን ሁሉ «እምዬ ኮሶ ጠጥታለች» ብዬ እመልሳለሁ። ማንም አይቀየምም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦችም ይህንኑ ታዝበው ጽፈዋል፤ ጌታው ሰው ማየት ባልፈለጉ ቀን አሽከሩ «ኮሶ ጠጥተዋል» እያለ ደጅ ጠኚውን ይመልስ ነበር።

ረፋዱ ላይ ከጓሮ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ራሱ ወጥቷል?» በእንጨት እየተገላበጠ የሚፈለገው የመርፌ ራስ የሚያህል ነገር ነው። ትሉ ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ያ ሁሉ ወጥቶ ራሱ አንጀት ላይ እንደተጣበቀ ከቀረ ግን በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። የጥንቶቹ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ የሚጠጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱን ጥሎ ራሱን ይተው ነበር፤ ጥሬ ሥጋው ደግሞ አልተቋረጠም።

ባለፈው ክረምት አንድ ፋርማሲስት ወዳጄ ስለ አገር በቀል መድኃኒቶች ጤና ጣቢያ የሚለጠፍ ወረቀት ሲያዘጋጅ ደወለልኝ። «ባዮአክቲቭ ኮምፓውንድን በአማርኛ ምን ልበለው?» አለኝ። ያዘጋጀው ስለ ኮሶ ነበርና የእምዬ ዋንጫ ትዝ አለኝ። ያኔ ሁላችንም «ኮሶ ትሉን ጣለው» እንል ነበር። ለመሆኑ ኮሶ ማለት የትኛው ነው? አማርኛችን ትሉንም ዛፉንም መጠጡንም በአንድ ስም ነው የሚጠራው፤ «ኮሶ አለበት፣ ኮሶ ጠጣ፣ ኮሶ ቆረጠ»። ሦስቱን ማንም አያምታታም፤ ዐውዱ ይለያቸዋል። ስም ያጣው አራተኛው ነው፤ አበባው ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው።

አንድ ተክል በሺዎች የሚቆጠሩ ውሕዶችን ያመርታል። አብዛኞቹ የራሱ የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ ግንዱን የሚያቆመው፣ ስንቅ ሆኖ የሚቀመጠው፣ ቅጠሉን የሚያለመልመው። ጥቂቶቹ ግን ወደ ሌላ ሕያው አካል ሲገቡ ዝም ብለው አያልፉም። ጡንቻ ያዝላሉ፣ ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ፣ ቁስል ያደርቃሉ፣ ይገድላሉም። ተክሉ እነዚህን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ከሚበላው ነፍሳትና እንስሳ፣ ከሚያበሰብሰው ሻጋታ ራሱን ሊከላከልባቸው ነው። ባዮአክቲቭ ኮምፓውንድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት መነካቱ አይቀርም። እንደ ኮሶ የመረረ ነገር ሁሉ ሆድ ያጸዳል፣ ያልመረረ መድኃኒት አይሠራም ብለን አድገናል። ግን ኮሶ ያለበት ሰው የዱባ ፍሬም ይበላል፤ የዱባ ፍሬ ደግሞ ቡና ላይ ቢቀርብ ማንም አይጠላውም። የኮሶን አበባ ስንቀምስ ምላሳችንን የሚያጨማድደው ታኒን ሻይ ቅጠል ውስጥም አለ፤ ትሉን የሚጥለው ግን እሱ አይደለም። ምላስ የሚያውቀውና አንጀት ውስጥ የሚሆነው የተለያየ ጉዳይ ነው።

ፈረንጆች በዛፉ ስም ላይ ብዙ ደክመዋል። ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ አለው። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ለኮኒግስበርጉ ፋርማሲስት ለሃገን መታሰቢያ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ብሎ መዘገበው፤ የጸናውም ይኸኛው ነው። ብሬየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ኮሶን ቁስጥንጥንያ ላይ ስላወቀው ሌላ ሳይንቲስት በእሱ ስም ደግሞ ብሬየራ አደረገው። ከእነዚህ ሳይንሳዊ ስሞች በአንዱም «ኮሶ» አልገባም። ዞሮ ዞሮ አበባው የአውሮፓ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ኬሚስቶችም አድራጊውን ፍለጋ ገቡ።

ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀርመን ውስጥ ከአበባው ቢጫ፣ መርፌ መሳይ፣ ያማረ ክሪስታል ወጣና ኮሲን ተባለ። ኬሚስት የጠራ ክሪስታል ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም፤ አገኘሁት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነገሩ እንደገና ሲመረመር ግን ያ ውብ ክሪስታል በትሉ ላይ ይህን ያህል አቅም እንደሌለው፣ ጉልበቱ ያለው ቅርጽ ባልያዘው ዱቄት ውስጥ እንደሆነ ተነገረ። ዱቄቱን ኮሶቶክሲን አሉት፤ ሌላውን ፕሮቶኮሲን። ክሪስታሉ ኮሶቶክሲን ሲፈርስ የሚገኝ ትራፊ ሆኖ ተገኘ። አበባው በቆየ ቁጥር ጉልበቱ እንደሚደክም የመድኃኒት አዋቂዎቻችን ኬሚስቶቹ ከመነሣታቸው በፊት ያውቁ ነበር፤ የከርሞውን አበባ አይሰጡም።

የእነዚህ ሁሉ ጎጆ አንድ ነው፤ ፍሎሮግሉሲኖል። ስድስት የካርቦን አቶሞች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከስድስቱ በሦስቱ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለውን ቀለበት ሁለት ወይም ሦስት አድርጋችሁ በአንድ ካርቦን ድልድይ ስታያይዙት፣ በጎኑም ጅራት ስታበጁለት የኮሶ ውሕዶች ቤተሰብ ይገኛል። የትሉን ጡንቻ ያዝላሉ፤ የዛለው ትል አንጀቱን ጨብጦ መቆየት ያቅተዋል፤ አበባው ራሱ ስለሚያስቀምጥ ጠርጎ ያወጣዋል። እምዬ ከረፋድ በፊት ጓሮ ጓሮ የምትለው ለዚህ ነበር።

ወደ ስሙ ልመለስ። ወዳጄ ሦስት አማራጮች ይዞ ነበር፤ ሦስቱንም አልወደድኳቸውም።

«ንቁ ውሕድ» የመጀመሪያው ነበር። አክቲቭ ማለት ንቁ ነው ብሎ መዝገበ ቃላት ያየ ሰው የሚጽፈው ነው። በአማርኛ ንቁ የሚባለው ዘበኛ ነው፣ ተማሪ ነው፣ ያልተኛ ሰው ነው። ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ዱቄት ንቁ ቢባል ከምን እንቅልፍ ነቃ ያሰኛል። ሬዲዮአክቲቭን ስንተረጉም እኮ «ጨረር አመንጪ» አልን፤ አክቲቭ የሚለውን ቃል ሳናሳድድ ነገሩ የሚያደርገውን ተናገርን፤ ሰውም ገባው።

«ሥነ ሕይወታዊ ገቢር ውሕድ» ሁለተኛው ነው። ስሕተት የለበትም። ግን አንድ ጊዜ ለመጥራት ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ነርሷ ለታካሚው ስትነግረው አልታየኝም። እንዲህ ያለ ትርጉም መጨረሻው ይታወቃል፤ መጽሐፍ ላይ ገቢር ይባላል፣ አፍ ላይ ባዮአክቲቭ።

ሦስተኛው «ፈዋሽ ንጥረ ነገር» ነበር፤ እሱ ነው ያስቆጣኝ። ንጥረ ነገር ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ብረትንና ኦክስጅንን ለመሰሉት የተሰጠ ስም ነው፤ ኮሶቶክሲን ደግሞ ውሕድ ነው። ይህስ ይሁን፣ ይታረማል። ችግሩ «ፈዋሽ» ነው። ውሕዱ ገና ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረን ፈውስ ቃል ይገባልናል። የሻምፑና የማር ሻጮች ይህን ቃል ቢያገኙ ደስታቸው ነው፤ «በፈዋሽ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ» ብለው እስኪያትሙት አይተኙም።

እኔ ያልኩት «አድራጊ ውሕድ» ነው። አዲስ ቃል አልፈጠርኩም። አማርኛ ሰዋስው የተማረ ሁሉ አድራጊ ግስና ተደራጊ ግስ ያውቃል፤ «ሰበረ» አድራጊ፣ «ተሰበረ» ተደራጊ። ፈረንጆቹም ለዚህ ግስ የሚጠቀሙበት ቃል ያው አክቲቭ ነው፤ መቶ ጊዜ የተረጎምነውን ነገር ክፍል ቀይሮ ሲመጣ አላወቅነውም። ውሕድ የሚለው ከመማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ነው። ሙሉውን ማለት ለሚፈልግ «በሕያው አካል ላይ አድራጊ የሆነ ውሕድ» ይበል፤ በአጭሩ አድራጊ ውሕድ፣ ሲበዛ አድራጊ ውሕዶች፣ ጠባዩ ደግሞ አድራጊነት። «የደረቀው አበባ አድራጊነቱ ቀንሷል» ቢባል ጆሮ የሚቆረቁር ነገር የለውም። ወዳጄ ግን «ሰው ይመስላል፤ አድራጊ ፈጣሪ እንደሚባለው» ብሎ ተከራከረኝ። ይምሰል። የሰው ጠባይ ቢኖረው አይከፋኝም፤ በዚህ ጉዳይ ተጠያቂ ያስፈልጋልና።

የቃሉ ትልቁ ጥቅም ወዲያው ጥያቄ ማስከተሉ ነው። አድራጊ ካለ ተደራጊ አለ። በማን ላይ?

በትሉ ላይ ብቻ ቢሆን እንዴት በታደልን። እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በኮሶ ተመርዘው ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። በ1985 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኮሶንና የእንቆቆን የእስያ ዘመድ ለጫጩቶች ሰጥቶ እይታቸው እንደታወከ፣ ሬቲናቸውም እንደተጎዳ አሳየ። ትሉን የሚያዝለው እጅ ዓይን ላይም ያርፋል ማለት ነው። አገሬው አንዳንዴ «ኮሶ በዝቶበት ዓይኑ ጠፋ» ሲል የሚያወራው ተረት አልነበረም።

ነገሩን የሚያጠነክረው አውሮፓ ውስጥ የበቀለ አንድ ሌላ ተክል ነው። ወንዴ ፈርን የሚሉት የጫካ ተክል ሥሩ ለኮሶ ትል መድኃኒት ነበር፤ አንዲት ስዊዘርላንዳዊት ባልቴት ምሥጢሩን ይዛ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከእሷ በገንዘብ ገዝቶታል። ፈርንና ኮሶ ዘመድ አይደሉም። ኮሶ ከጽጌረዳና ከፖም ወገን ነው፤ ፈርን አበባ እንኳ የለውም። ሥሩ ውስጥ የተገኘው ግን ያው የፍሎሮግሉሲኖል ቀለበት ነው፤ በድልድይ የተያያዘ። መዘዙም ያው፦ መጠኑ ያለፈበት ሰው ይታወራል። ሐኪሞቹ ቆይተው አንድ ነገር ተማሩ፤ ከፈርኑ ጋር የጉሎ ዘይት አይሰጥም። እነዚህ ውሕዶች ዘይት ይወዳሉ፣ ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም። ዘይት ካላገኙ አብዛኞቹ አንጀት ውስጥ ከትሉ ጋር ይቀራሉ፤ ዘይት ሲያገኙ የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ። ሠራተኛው ያው ነው፣ የሄደበት ቤት ነው የተለየው። ለዚህ ነው ስለ አንድ አድራጊ ውሕድ ሲወራ «ስንት?» እና «የት ደረሰ?» የሚሉትን ሳይመልሱ «ለጤና ይጠቅማል» ማለት ባዶ የሚሆነው።

ቤታችን ውስጥ ይህን ቃል የሚፈልጉ ሌሎችም ሞልተዋል። ግብጦ ጥሬውን ቢበላ ያሳምማል፤ ቀናት ውኃ እየተቀያየረ ሲዘፈዘፍ መራራዎቹ አድራጊ ውሕዶች ታጥበው ይሄዳሉ፣ እኛ ከትራፊው ጋር አረቄ እንጠጣለን። ጫት ቃሚ ለምን ትኩስ እንደሚፈልግ ቢጠየቅ ጣዕሙን ይናገራል፤ ዋናው ምክንያት ካቲኖን የተባለው ውሕድ ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ዘመዱ መለወጡ ነው። እንዶድ ሸማ ያነጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ እንዶድ ታጥቦበት በሚወርድ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያን መንገድ መዝጊያ አገኙበት። አረፋ የሚሠራውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው አንድ ዓይነት ውሕድ ነው፤ ሳፖኒን። አጣቢዋ ፈዋሽ አላለችው፣ ቀንድ አውጣውም አይለውም።

የኮሶን ውሕዶች ሳይንስ ከትል አልፎ ሞክሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሲኖች በዕጢ ሕዋሳት ላይ ተፈትነው አድራጊነት አሳይተዋል። «ኮሶ ካንሰር ያድናል» የሚል ርዕስ ከዚህ ለመምዘዝ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው፤ እርምጃው ግን ገደል ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሕዋስን መግደል ቀላል ነገር ነው፤ በረኪናም ይገድላል። ኮሶ ትል የያዘው ሰው ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል ይውጣል፤ በአንድ ጊዜ መጠን ያልቃል፣ በር ጠባቂ ልጅም አያስፈልገው።

ታዲያ ዛፉስ? ኮሶ በደጋው፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 እና በ3,300 ሜትር መካከል በደንብ ይበቅላል። ባሌ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከሥሩ ሲቆም ያየ ሰው አይረሳውም፤ ግንዱ ቀላ ብሎ ይላላጣል፣ ቅጠሉ ከጀርባው ብርማ ነው፣ አበባው ክንድ እየሆነ ይንዠረገጋል። ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ ተራሮች ድረስ አለና ከምድር ጠፋ የሚባል ዛፍ አይደለም። በእኛ ደጋ ግን ተመናምኗል። እንጨቱ ቀይ፣ ለዕቃ የሚመች ነው፤ መሬቱ ለገብስ ይፈለጋል፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ነበሩ።

ከአራቱ ኮሶን ለየት የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ኮሶ ወንድና ሴት አለው፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ አበባ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ ብቻ። ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ የሚለው የሴቴዋ ነው። አበባው የሚለቀመው ዘሩ ሳይበስል ነው፤ ስለዚህ የተቆረጠው እያንዳንዱ ዘለላ የዓመቱ ዘር ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስት ዛፍ ቢቀርና ሦስቱም ወንድ ቢሆኑ፣ ወይም ብቸኛዋ ሴት በየዓመቱ ብትገፈፍ፣ ዛፎቹ ቆመው ይታያሉ እንጂ ልጅ የላቸውም። ፋብሪካ ኪኒኑን ስለሠራልን ዛፉ አያሻንም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኪኒኑ ትሉን ይጥላል፣ እውነት ነው። ግን የወንዴውና የሴቴዋ አበባ በውስጣቸው ያለው እንኳ አንድ አይደለም፤ ከዛፍ ዛፍ፣ ከወር ወር የሚለዋወጠውን ገና ማን ለካውና? አያቶቻችን «የእገሌ አገር ኮሶ ብርቱ ነው» ይሉ የነበረውን ለመፈተን እንኳ የእገሌ አገር ኮሶ መኖር አለበት።

ወዳጄ በመጨረሻ ተስማማ። ረቂቁ ላይ «የኮሶ አበባ አድራጊ ውሕዶች ኮሶቶክሲንና ዘመዶቹ ናቸው፤ በትሉ ላይም በዓይን ላይም ያደርጋሉ፤ ትል የያዘዎት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ይምጡ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም አነበብኩት፤ ሸጋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ታትሞ የተለጠፈውን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ዛፉ በቀለም አምሯል፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ደግ ሰው «አድራጊ» የሚለው ስሕተት መስሎት አርሞታል። «የኮሶ አበባ ፈዋሽ ውሕዶች ... በትሉ ላይም በዓይን ላይም ያደርጋሉ» ይላል።

ወዳጄ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሮበታል፤ «አንዲት እናት ከትናንት ወዲያ መጥተው የዓይን ኮሶ ስጡኝ አሉኝ።»